ለምጽ የተባለው

ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ካፖርታቸው ጥርት ተደርጎ ተተኩሷል፤ ጣቶቻቸውና የከንፈራቸው ዳር ግን በነጭ ተዥጎርጉረዋል። በወዲያኛው ጎናቸው የነበረ ጎልማሳ እጃቸውን ሲያይ ብድግ አለና፣ «ቅዱስ መጽሐፉ ለምጻም ከሰፈር ይውጣ ይላል» ብሎ አጉረመረመ።

የሴትዮዋ ደም ፈላ።

«ና፣ ቁጭ በል! ግማሹን አንብበህ አትፍረድብኝ። እዚያው መጽሐፍ ላይ ለምጽ ልብስም ግድግዳም ላይ ይወጣል። ሻጋታውንም ቁስሉንም በአንድ ስም ጠርተውት ነው። ለመሆኑ ግድግዳ የኔን በሽታ ይታመማል? የኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም!»

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም ንዴታቸው ተጋብቶብኝ ስለነበር በሆዴ «እሰይ!» አልኩ።

«ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት፣ እናቴ?» አልኳቸው።

ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ባሌም እንደሱ ግማሹን አንብቦ ጥሎኝ ሄደ። የቀረውን ብቻዬን አነበብኩት።»