ዳገት ያላየች መኪና

አፍንጫው ይሉታል። የመኪና ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ጭስ ሲያሸት ስለኖረ፣ መኪናዋ በሩ ላይ ሳትደርስ በሽታዋን ያውቃል ይባላል፤ ባለቤቷ ቁርስ ምን እንደበላ ጭምር።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ላብ አጥምቆታል። ተራዋ የደረሰው አዲስ መኪና የጋሼ ናት። ጋሼ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት ናቸው። ልጅቷን ሲጠይቃቸው «እናያለን» ብለውታል። አሁን ለማየት የመጡ ይመስላል።

ጋሼ ልጆቻቸውን ካጠቡት በላይ መኪናቸውን አጥበዋል። ቤታቸው ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ አስነስተው መንገዱን ተሻገሩ፣ በቃ። ዓመቱን ሙሉም ከሰፈር አልራቀችም፤ እንዳትደክም።

አፍንጫው የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ከተተ። የጭሱ ብናኝ ቁጥር ወጣ፣ ወጣና ቀይ በራ።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሼ።

«ብናኟ በዝቷል። አላለፈችም።»

«ይቺ እኮ ናፍጣ አይደለችም። ቤንዚን ምን ጥላሸት አለው?»

ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ጆሯቸውን አቆሙ። አለቃው ጠጋ ብሎ፣ «አማትህ እኮ ናቸው፤ አሳልፋትና እንረፍ» አለው በሹክሹክታ።

አፍንጫው ወደ ጋሼ ዞረ። «ጋሼ፣ በእርስዎ መኪና ቤንዚኑ ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። ሞተሩ ካልሞቀ በደንብ አይተንም፤ ፒስተኑ ላይ እንደረጠበ ይቀራል። ከአየር ጋር ሳይዋሃድ እሳት ሲያገኘው በቅጡ አይነድም፣ ጥላሸት ይሆናል። እርስዎ ደግሞ ሳትሞቅ ያጠፏታል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው በለኛ?»

«አዎ» አለ። ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም።

«ሠርጉ ተሰረዘ» አለ አንዱ ሾፌር፣ ሳቁን እየዋጠ።

«እንድትሞቅ ከጣቢያው በላይ ያለውን ዳገት ወጥተው ይመለሱ ጋሼ፤ ደግሜ እለካታለሁ» አለ አፍንጫው።

ጋሼ መኪናዋን አዩ፣ እሱን አዩ። «ግባ» አሉት።

ወጡ። ጋሼ መሪውን አንቀው፣ እሱ ትንፋሹን ይዞ። ከኋላቸው የተሰለፉት መኪኖች የጥሩምባ ጩኸት ሙታን ይቀሰቅሳል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በእግሯ ቀድማቸው ሄደች። የሙቀቱ መርፌ መሃል ደርሷል፤ አሁንም ቀይ ቢበራስ?

ሲመለሱ ቱቦው እንደገና ገባ። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፣ አረንጓዴ ሆነ።

ጋሼ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «መኪናዋ አልፋለች» አሉ። «አንተ ገና ነህ። እሁድ ቤት ና፤ ዳገቱን አንተ ትነዳለህ፣ ልጄ ከኋላ ትቀመጣለች።»