በሩ ሲዘጋ የጠፋው ሰማያዊ

ቀጥቃጭ ነኝ። የቀወት ገበሬ ማሽላውን የሚያጭደው በእኔ ማጭድ ነው፤ ከእኔ ጋር ማዕድ መቅረብ ግን ይፈራል፤ ቡዳ ነው ይሉኛል። እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ስለሆነ የሆዴን ለመጻፍ ቸኩያለሁ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት አለ። ሰው አግዳሚው ላይ ተጣቦ ሲቀመጥ ከእኔ አጠገብ ሁልጊዜ ቦታ አለ። እግሬን ዘርግቼ እማራለሁ።

አንድ ቅዳሜ መምህርታችን፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ልጅ፣ "ከቀይ ኮከብና ከሰማያዊ ኮከብ የቱ ይበልጥ ይሞቃል?" ብላ ጠየቀች።

"ቀዩ ነዋ!" አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። "ሆቴል ቧንቧ ላይ ሰማያዊው ቀዝቃዛ አይደል እንዴ?"

"እዚህ አገር ሁለቱም ሙቅ ነው" አለች ቲማቲም ሻጯ፤ ክፍሉ ሳቀ።

መምህርቷ "ሰማያዊው ነው" ስትል አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። "ማጭድ ከመኪና ባሌስትራ እሠራለሁ። አግዬ ውሃ ውስጥ ከነከርኩት በኋላ፣ እንዳይሰበር መልሼ በስሱ አሞቀዋለሁ። ያኔ ነው ሰማያዊ የሚሆነው፤ ለመቅላት ገና ብዙ ይቀረዋል። ሰማያዊ ከቀይ በታች ነው!"

"ንገራት ጋሼ!" አለ ሹፌሩ። "ብረት ከአንተ በላይ ማን ያውቃል!" ጋሼ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያም አልፎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

መምህርቷ አልተቆጣችም። ሰኞ ራሷ ጎጆዬ መጣች። አንድ የተነከረ ማጭድ አሞቅኩ፤ ሰማያዊ ሆነ። "ይኸው ልጄ!" አልኳት።

"በሩን ይዝጉት" አለች።

ዘጋሁት፤ ፍሙንም በቆርቆሮ ሸፈንኩ። ማጭዱ በጉጠት ይዤው እያለ ከዓይኔ ጠፋ።

"የታለ ሰማያዊው?" አለች።

ጉጠቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

"ያ የላዩ ቀለም ነው" አለች መምህርቷ፤ "ሲሞቅ ስስ ዝገት ብጤ ይለብሳል። የውጭ ብርሃን ካላገኘ አይታይም። ኮከብ ግን በራሱ ነው የሚያበራው። አሁን ያግሉትና ይዩ።"

አጋልኩት። በጨለማው መጀመሪያ እንደ ደረቀ ደም ሆነ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ቢጫ። ሊነጣ ሲል አወጣሁት፤ ካለፈ ብልጭታ እየተፋ ይቃጠላል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው።

"ከነጩ ወዲያስ?" አልኳት።

"ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ብረት እዚያ ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል፤ ኮከብ ግን ይደርሳል።" ስትወጣ "ለማንም አልናገርም" አለችኝ።

እስከ ቅዳሜ ስበሳጭ ሰነበትኩ። በዕድሜዬ ሰው ከጎኔ የቆመው አንድ ቀን፣ እሱም በስሕተቴ! ዝም ብል ሹፌሩ አጠገቤ ይቀመጣል። ነገር ግን በሌላው ሁሉ ይሙኝ እንጂ በብረት አልታማም። ክፍል ውስጥ ተነሥቼ "ተሳስቻለሁ" አልኩ፤ የበሩን ነገር ነገርኳቸው።

ሹፌሩ ፊቱን አጨማደደ። "ካላየሁ አላምንም።"

"በር ዘግቼብህ? ትገባለህ?"

"እትዬም ትምጣ" አለ ወደ ቲማቲም ሻጯ ዞሮ።

"ሂድ ወዲያ፣ ፈሪ!"

ብቻውን ተከትሎኝ ጎጆዬ ገባ። በሩን ዘጋሁ። ብረቱ ሲቀላ ፊቱ ታየኝ፤ ላቡ ይንቆረቆራል። ቢጫ ሲሆን ግን እኔንም ፍርሃቱንም ረሳ።

"ምን ታዘግማለህ ጋሼ! ነጭ አድርገው እንጂ!" አለና ወናፉን ከእጄ ቀማኝ።