ውሃ የጠጣችው መኪናና የማናውቀው ሰው ቃሬዛ

ይሄ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብን አምና፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። "አያቴ፣ ይሄን ነገር ስንቴ ነገርሽኝ፤ ይጻፍና ይውጣልሽ" ብላ አስቀመጠችኝ። እውነቷን ነው። እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ሆኜ ሞተር ሊጠፋ ሲል እጄ አንድ ነገር ይፈልጋል። ምን እንደሚፈልግ ስጨርስ ይገባችኋል።

ቤቴ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። የመጨረሻ ልጄ ደረጀ አንዲት አሮጊት መኪና አለችው፤ ሰው እያመላለሰ በእሷ ነው የሚኖረው። ታድያ ቤንዚን ጠፋ። ማደያ ሰልፍ ላይ ያድርና ባዶውን ይመለሳል። በየጥጉ በሃይላንድ የሚሸጠውን እንዳይገዛ ዋጋው እሳት ነው። ቢቸግረው ጊዜ ስልኩ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ አንድ ቀን "እማ፣ መኪናዋን ውሃ ላጠጣት ነው" አለኝ።

"ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከገባ መኪና አለቀላት ሲባል አልሰማህም?" አልኩት።

"ቤንዚኑ ውስጥ አይደለም እኮ። በምትስበው አየር ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ። ቤንዚን ይቆጥባል።"

አንድ ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ጋቢና ውስጥ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከፋርማሲ የጉሉኮስ ቱቦ ገዛና አንዱን ጫፍ ከሃይላንዱ፣ ሌላውን በቀዳዳ አሳልፎ ከሞተሩ ጋር አገናኘው። የታመመ ያስታመማችሁ፣ ጉሉኮስ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ታውቋታላችሁ፤ በአውራ ጣት የምትዞረውን። እሷ ስትከፈት ውሃው ይንጠባጠባል፣ ስትዘጋ ይቆማል። ደረጀ ሞተር ከማጥፋቱ በፊት ሁልጊዜ መጀመሪያ እሷን ይዘጋል። "ካልዘጋኋት ሞተሩ ቢቆምም ውሃው መፍሰሱን አይተውም፤ ሆዷን ይሞላዋል" ይለኝ ነበር።

ሰፈርተኛው መሳቂያ አደረገው። ጋራዥ ያሉት ጓደኞቹ "ደሬ፣ መኪናህ ምን ሆና ነው ጉሉኮስ የተሰካላት? መጥተን እንጠይቃት ወይ?" ይሉታል።

"ብርቱካን ይዛችሁ ኑ" ይላቸዋል እሱ። እኔም ስቄበታለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ሚስቱ ጫልቱ የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ጋ ሄዳ ነበር፣ ከቢላ ወጣ ብሎ ገጠር። የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ቀኗ ሲደርስ እኔም ቅቤዬንና የገንፎ ዱቄቴን ይዤ ከደረጀ ጋር ሄድኩ። ስንደርስ ምጥ ይዟት ቢላ ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። ተከትለን ሄድን። አዋላጇ ስታየን ፊቷ ደስ አላለኝም።

"ልጁ በአግድም ነው የተኛው" አለች። "እዚህ አይሆንም፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። መኪና ካላችሁ አሁኑኑ ነቀምቴ አድርሷት፤ ከዘገየች ሁለቱንም ታጧቸዋላችሁ።"

ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ "እማ፣ ቤንዚኑ ትንሽ ነው። ውሃው ካላገዘን አይደርስም" አለኝ። ያን ቀን አልሳቅሁበትም።

ጫልቱን ከኋላ አስተኛናት፤ ጭንቅላቷ እናቷ አዴ ድንቄ ጭን ላይ ነው። እኔ ጋቢና፣ ከሃይላንዱ ስር ተቀመጥኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ጫልቱ "አዮ!" ብላ እናቷን ትጠራለች። አዴ ድንቄ "ኦብሲ ኢንተላ ኮ፣ ቻይ ልጄ" ይሏታል። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ጌታን ይጠራሉ፤ እኔ ከፊት ማርያም ማርያም እላለሁ። ደረጀ አንዴ መንገዱን አንዴ የቤንዚኑን ቀስት ያያል።

አኖ ከተማ ሳንደርስ ቀብር ገጠመን። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ በኦሮምኛ እየዘመረ፣ ሳጥኑን በቃሬዛ ተሸክሞ ይመጣል። እኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ መኪና ዳር ይይዛል፣ ሞተር ያጠፋል፣ ሰው ወርዶ ይቆማል። ወላድ ይዘናል ብለን ጡሩምባ ነፍተን ማለፍ እንችል ነበር። ይሄ አሁን ነው የሚታሰበኝ፤ ያኔ ከማናችንም ልብ አልገባም። ደረጀ ዳር ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወረድኩ።

መዘውሯን አልዘጋትም።

ሟቹ ሰው የሚወደው ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ሕዝቡ አያልቅም። ሳጥኑ ሲያልፈን ደረጀ ተመልሶ ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ "ቋ" አለችና ቀጥ። እንደገና አዞረ፤ ምንም። ቀና ብሎ ሃይላንዱን አየው። ውሃው ወርዶ ወርዶ ከግማሽ በታች ሆኗል።

"እማ፣ አልዘጋሁትም" አለኝ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ።

ከቀብሩ ኋላ የነበሩ ወንዶች መጡ። "ተበላሽታ ነው፣ ኑ ግፉ!" ተባባሉ። ደረጀ ዘሎ ከፊታቸው ቆመ።

"አትግፉ! ሆዷ ውስጥ ውሃ አለ፤ ከተገፋች ብረቱ ይሰበራል!"

"ውሃ? ማን አባቱ ነው ውሃ የጨመረባት?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰውዬ፣ ሚስትህ ታምጣለች አንተ ሞተር ውሃ ታጠጣለህ?"

ያኔ ጫልቱ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት እኔ ስወልድም የጮህኩ አይመስለኝም። መዝሙሩ ቆመ። ከፊት የነበሩትም ዞሩ፣ ተሸካሚዎቹም ሳጥኑን እንደያዙ ቆሙ። ሁለት ሴቶች የደገፏት አንዲት ሴት ወደ እኛ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ በእንባ አብጧል። የሟቹ ሚስት ናት። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ጫልቱን አየቻት፣ አዴ ድንቄን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው፣ ነገሯት። ቀና አለችና ተሸካሚዎቹን ጠራች።

"ሳጥኑን በትከሻችሁ ያዙት። ቃሬዛውን ስጧቸው።"

አንድ ሽማግሌ "ኧረ እንዴት ይሆናል አንቺ?" አሉ።

"እሱ ከእንግዲህ አይቸኩልም" አለች። "የምትቸኩለው እሷ ናት።"

እኔ "አይሆንም!" አልኩ፣ ከአፌ አመለጠኝ። ሬሳ አሁን ከወረደበት ላይ ነፍሰ ጡር ይተኛል? አዴ ድንቄ "እንጨት ነው እኮ፣ እንጨት!" ብለው ተቆጡኝ። እሳቸውን እንኳ እምቢ እል ነበር። ጫልቱ ግን እጄን ያዘችኝ።

"እማ፣ አስተኙኝ" አለችኝ።

እሺ አልኩና በሩን ከፈትኩ።

አንዱ ጋቢውን አወለቀና ቃሬዛው ላይ አነጠፈው። ጎረምሶቹ አነሷትና ወደ አኖ፣ ወደ አስፋልቱ ሮጡ፤ እዚያ ሌላ መኪና ይገኛል ብለው ነው። አዴ ድንቄ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሏቸው። የእኔ ጉልበት ለዚያ አይሆንም፣ ከልጄ ጋር ቀረሁ። ቃሬዛው መታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ አየሁት። የሟቹ ሳጥን ደግሞ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በወዲያኛው በኩል ይሄዳል።

ደረጀ ውሃው መውጫ እንዲያገኝ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ የተሰኩትን ካንዴላዎች መፍታት ጀመረ። የጋሉ ናቸው፣ ጣቱን ይለበልቡታል። የፈታውን ሲያቀብለኝ በነጠላዬ እየጠቀለልኩ አደርቃለሁ። የመጨረሻው እምቢ አለ። "ና በማርያም፣ ና" እላለሁ፣ ብረቱን ነው የምለምነው። ወጣ።

"እማ፣ ግቢና ቁልፉን አዙሪው።"

እኔ በዕድሜዬ የመኪና ቁልፍ ይዤ አላውቅም። ገብቼ አዞርኩ። ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ውሃው በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ተፈናጥሮ ወጣ፣ የደረጀን ፊት አጠበው። ከቀብሩ የቀሩ አንዲት አሮጊት "ይኸው የመኪናዋ ሽርት ውሃ ፈሰሰ! እንግዲህ እሷም ደርሳለች!" አሉ። ሰው በቀብር መሃል ሳቀ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ።

ካንዴላዎቹን መለሳቸው። አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። መዘውሯን ዘግተን በረርን።

አኖ ልንገባ ስንል ከሩቅ አየኋቸው። ቃሬዛው መሬት ላይ ወርዷል፣ ጎረምሶቹ ዙሪያውን ከበው ቆመዋል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ቃሬዛ ወርዶ ሰው ሲከብበው እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ያ ቃሬዛ ላይ እሺ ማለት አልነበረብኝም" አልኩ በልቤ። ደረጀም ገብቶታል፣ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ልጄ መድረስ ፈራ።

"ንዳ!" ብዬ ጮህኩበት።

ስንደርስ ጫልቱ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ምጡ ሲጠናባት አውርዱኝ ብላቸው ነው የቆሙት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጎረምሶቹ አንስተው መኪናዋ ውስጥ አስገቡልን።

አስፋልቱ ላይ ወጣን። ደረጀ የቤንዚኑን ቀስት አይቶ "እማ፣ አንደርስም" አለኝ።

"ውሃውን ክፈተው።"

"እማ!"

"ክፈተው አልኩህ። መዘውሯን እኔ እይዛታለሁ።"

ያቺን መዘውር በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ፣ "ክፈች" ሲለኝ እየከፈትኩ፣ "ዝጊ" ሲለኝ እየዘጋሁ ነቀምቴ ገባን። ሲሬ ከተማን መቼ እንዳለፍን አላየሁም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም፣ ሞተሩ ሳይጠፋ በፊት ዘጋኋት። ቤንዚኑ ይሁን ውሃው፣ ምኑ እንዳደረሰን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጫልቱን ወዲያው አስገቧት። ወንድ ልጅ ወጣ፣ እሷም ተረፈች።

ጫልቱ ስትጠነክር ሕፃኑን ይዘን ልቅሶ ልንደርስ ሄድን። በሩ ላይ አንድ ዘመድ "እናንተ ለሟቹ ምኑ ናችሁ?" አለን።

"በቃሬዛው ነው የምንዛመደው" አልኩት።

የሟቹ ሚስት ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ሕፃኑን ተቀብላ አቀፈችው። አለቀሰች። ኋላ ደረጀን ቀና ብላ አየችና "ያቺኛዋስ እንዴት ናት? ተሽሏታል?" አለችው። መኪናዋን ነው።

ደረጀ ውሃውን አልተወም። አሁን ሃይላንዱን ከሞተሩ ዝቅ አድርጎ አስሮታል፤ ሞተሩ ካልሳበው ውሃው ንቅንቅ አይልም ይለኛል። ልመነው እንግዲህ። ግን መንገድ ላይ ቀብር ሲገጥመን፣ ልጄ ዳር ይዞ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል እጄ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ድሮ ሃይላንዱ ወደ ተሰቀለበት። ምንም የለም። ከዚያ ወርጄ እቆማለሁ፤ የሚያልፈውን ማንንም ይሁን ማን "ነፍስ ይማር" እለዋለሁ፣ ዓይኔ ግን ሳጥኑን አያይም፤ ከስሩ ያለውን ቃሬዛ ነው የሚያየው።