ሳልጨርሰው የቀረ ሙሾ

ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ዳባት ስማር መምህሩ ስሜን ጠርተው እኔ «አቤት» ለማለት ስታገል፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «መምህር፣ እሷ እስክትጨርስ ደወሉ ይደወላል!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚህ የተነሣ መልሱን እያወቅሁ እጄን ማውጣት ተውኩ። ቤት ስገባ ግን እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። አንድም ቀን ቃሉን ከአፌ ነጥቃኝ አታውቅም።

እናቴ ስትሞት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር ሴት ልጅ ለእናቷ ሙሾ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም እየተቀበለ ያለቅሳል። ብቻዬን ሳንጎራጉር ስለማልንተባተብ፣ ያን ትዕግሥቷን የሚያነሣ ሙሾ ገጥሜ፣ ሌሊቱን በልቤ ስለው አድሬ፣ ለቅሶው መሐል ገባሁ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየኝ ግን የመጀመሪያው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

«እ... እ... እ...»

አክስቴ መጥታ አቀፈችኝ። «ተይው ልጄ፣ እኔ ልበልልሽ» አለችና ስለ እናቴ ባለሙያነት የራሷን ሙሾ አወረደች። ለቀስተኛው ተቀበላት።

«አይ ልጅ! ሐዘኑ እኮ ነው አንደበቷን የያዘው» አሉ ሴቶቹ።

ሰው ፊት ስንተባተብ ሳይሳቅብኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ሐዘኑ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቻለሁ። ሙሾውን እስካሁን ለማንም አላልኩትም። እስክጨርስ የምትጠብቀኝ አንዲት ሰው ነበረችኝ፤ ያን ቀን የተለቀሰውም ለእሷ ነበር።