ከዓሣ ቤቱ ጀርባ የሚያልፈው ገመድ

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በተከራየሁት ቤት ኢንተርኔት ልታስገባልኝ የመጣች ወጣት ባለሙያ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችና «ይኸው፣ ንጹሕ መስመር ነው፤ ጌም እንኳ ቢጫወቱበት አይቆራረጥም» አለችኝ። ምስጋና ነበር የሚገባት። እኔ ግን ሳላውቀው ፊቴን አጨፍግጌው ኖሮ ደንግጣ «ምነው፣ ችግር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ችግር እንኳ ነበረ፤ ለእሷ የሚነገር አልነበረም እንጂ።

ጌም እና ንጹሕ መስመር የሚሉት ነገሮች አንድ ላይ ሲነሱ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የበሰበሰ የዓሣ ሆድቃ ሽታ ነው። ከሆድቃው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከሆድቃውም ይብሳል። ወደ እሱ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።

ያኔ የምንኖረው ታች ሲቀላ ነበር። ሴቻ ላይ ያሉት ከገደሉ አፋፍ ነፋስ ሲቀበሉ እኛ ታች ከጣራው ቆርቆሮ ጋር አብረን እንግል ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ስለነበር ቤታችን የስልክ መስመር ነበረው። በስልክ ገመድ ኢንተርኔት ወደ ቤት መግባት ሲጀምር በሰፈራችን ቀድመው ካስገቡት አንዱ እኛ ሆንን። እናቴ ከጨንቻ ደጋ ተድራ የወረደች ሴት ናት። ቤት ውስጥም ከጎረቤት ጋርም የምትናገረው ጋሞኛ ነው። አማርኛዋን ገበያ ላይ፣ ከነጋዴውና ከመኪና ረዳቱ የለቀመችው ነው። እንደዚያም ሆኖ ላገኘችው ሰው ሁሉ ሰላምታዋ ረጅም ነበር፤ ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው ፈተና ነው።

እኔ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም፤ እኩዮቼ ሻንጣቸውን ይዘው ሲበታተኑ እኔ ቤት ቀረሁ። የአጎቴ ልጅ ትቶልኝ በሄደው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አምስት ለአምስት የሚገጠም የተኩስ ጨዋታ መጫወት ጀመርኩ። ጎበዝ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምለው፤ በሕይወቴ ጎበዝ ነኝ ያልኩበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ቡድን አምስተኛ ሰው ይፈልግ ነበር። አለቃቸው ራሱን ነብሮ ብሎ የሚጠራ ልጅ ነው። «ችሎታህን አይተናል፣ ችግሩ መስመርህ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። «ቡድኑ ተሟልቶ ውድድር ከመግባታችን በፊት አንድ ቅዳሜ እንሞክርሃለን። አንድ ሙሉ ጨዋታ ሳትቆራረጥ ከጨረስክ ቦታው ያንተ ነው።»

ያንን ቦታ የፈለግሁትን ያህል ከዚያ በኋላ የፈለግሁት ነገር ትንሽ ነው። የት ገባህ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልስ የሚሆነኝ እሱ ነበር። ልጆቹ ሲነጋገሩ ድምፃቸው በጆሮ ማዳመጫዬ ይመጣል፣ ግማሹ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። «ከግራ» የሚል፣ ሳቅ፣ ከዚያ «ጎበዝ» የሚል ይደርሰኛል። የጎደለውን እኔ እሞላው ነበር፣ ሁልጊዜም በመልካም ነገር።

መስመሩን ለማስተካከል መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። እናቴ ሞደሙን ያለበሰችውን ዳንቴል አነሳሁ። ሞደሙን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄ ወደ መስኮቱ አዛወርኩት። የቤቱን ሽቦ በአዲስ ቀየርኩ፤ አባቴን ስልክ እንዳያነሳ ለመንኩት። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን ግን መስመሩ የሚሞተው እንዲያው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ልብ አልኩ። ከግቢያችን ጀርባ የጋሽ ቶማ ዓሣ ቤት አለ። እዚያ ያሉት ሴቶች ከጫሞ ሐይቅ የመጣውን ዓሣ አጥበው ሳፋውን ወደ ጓሮ በደፉ ቁጥር፣ ትንሽ ቆይቶ እኔ ጨዋታው ውስጥ ቆሜ እገደላለሁ።

ወጥቼ ገመዱን ተከተልኩት። ከመንገዱ ተነስቶ በዓሣ ቤቱ ጓሮ ያልፋል፤ እዚያ ባለ አንድ ያዘነበለ የእንጨት ምሰሶ ላይ ተቀጥሏል። ከምሰሶው ሥር ለዓመታት የተደፋ ሆድቃ፣ ቅርፊትና የዓሣ ጭንቅላት ተከምሯል። ከላይ፣ ምሰሶው አናት ላይና አጥሩ ላይ፣ አባ ኮዳዎች ተሰልፈዋል።

አባ ኮዳን በቅርብ ያላየ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ቁመቱ የልጅ ያህላል። ራሱ መላጣ፣ ቆዳው የተላላጠ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ ነው። ሲሞቀው የገዛ እግሩ ላይ ኩሱን ይለቃል፤ እንዲቀዘቅዘው ነው ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። ይሁንለት። ምሰሶው ላይ ሲያርፍ ግን ምሰሶው ይወዛወዛል፣ ገመዱ ይጎተታል፣ ኩሱም መቀጠያው ላይ ይወርዳል። ነጭ ሆኖ ደርቆ፣ በላዩ ሌላ ወርዶ፣ መቀጠያው እንደ ጉብታ አብጦ ነበር። የእኔ ዕድል ያለፈው በዚያ ውስጥ ነው።

የስልክ ሠራተኛ አስጠራሁ። ሰውዬው መሰላሉን ተሸክሞ ጓሮው ጋ ሲደርስ ቆመና አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። «ወንድሜ፣ መቀጠያውን እቀይርልሃለሁ፤ መሰላሌን ግን እዚህ ላይ አላቆምም። መጀመሪያ ይጽዳ» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ጋሽ ቶማ በራቸው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ነበር።

«ጋሽ ቶማ፣ ይሄ ከጓሮ ያለው ነገር ቢነሳ» አልኳቸው።

«የትኛው ነገር?»

«ሆድቃው። ወፎቹን የሚያመጣው እሱ ነው።»

«ይምጡ እንጂ። ወፍ የሌለበት ዓሣ ቤት፣ ዓሣው ዛሬ የመጣ ነው ብል ማን ያምነኛል? ፈረንጁስ መኪናውን የሚያቆመው ለማን መሰለህ? እነሱን ፎቶ ሊያነሳ ይቆማል፣ ሲያነሳ ይርበዋል።» ስንጥሩን ጣሉት። «አንተ ለጨዋታ ብለህ የኔን ገበያ ልትዘጋ ነው?»

ዓሣ ቤታቸው ዘወትር ሰው አያጣም ነበር። ያንን ጓሮ እያወቀ ጣቱን እየላሰ የሚበላው ሰው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እናቴ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስለ ጨዋታው የገባት ነገር አልነበረም። የገባት አዲስ አበባ ያሉ ልጆች አብሯቸው የሚሠራ ሰው እንደሚፈልጉና የሚያግደኝ የቶማ ቆሻሻ መሆኑ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ከቦዩ ዳር አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጭታ በሁለት እጇ ይዛ የዓሣ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅህ የቆመን ሰው እንዳላየ ማለፍ አይቻልም። ሽማግሌዎች ደም ያፋሰሰ ጠብ የሚያበርዱበት ነገር ነው። ለኢንተርኔት ሲያዝ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ቶማ ከወንበራቸው ተነሡ። ቁርስ የሚበላው ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ያያቸዋል። በጋሞኛ «አንቺ ሴት፣ ይሄ ለዚህ ይወጣል?» አሏት። እሷ ሣሩን ትንሽ ወደ እሳቸው አስጠጋችው። ተቀበሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድቃው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ እንዲገባ ተስማሙ፤ የቆየውን ክምር ማንሳት ግን የእኔ ሆነ።

ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ ክምሩን አርሶት ነበር። ከላይ ያለው አካፋ ላይ አልቆም እያለ ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ስለ ትሉ ከዚህ በላይ አልናገርም። ፊቴን በአሮጌ ሸሚዝ ጠምጥሜ በጋሪ እየጫንኩ ወደ ኩልፎ ወንዝ ዳር አወርደው ነበር፤ እዚያ አንድ ባለ ሙዝ እርሻ ከሙዙ ሥር ሊቀብረው ፈቅዶልኝ። የማንጎ ወቅት ስለነበር በመንገዱ ሁሉ የበሰለ ማንጎ ይሸታል። ጣፋጩ ሽታ ከዓሣው ጋር ሲደባለቅ ሁለት ጊዜ ጋሪውን አቁሜ አስመለስኩ። አባ ኮዳዎቹም በእግራቸው እየተንጎራደዱ ከጋሪው ኋላ ይሸኙኝ ነበር። የሚኒባስ ረዳቶች በመስኮት ወጥተው «ዘመዶችህን ወዴት ነው?» እያሉ ሳቁብኝ። ማታ ማታ በሎሚና በሳሙና ብታሸም እናቴ እንጀራውን ራሷ ቆርሳ ታጎርሰኝ ነበር፤ የገዛ እጄን ወደ አፌ ማምጣት አቅቶኝ።

ክምሩ አለቀ። ሠራተኛው መጥቶ የድሮውን መቀጠያ ቆርጦ ጣለው፤ መዳቡ ተበልቶ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። አዲሱን አሰረው፣ ሸፈነው፣ ምሰሶውንም አቀናልኝ። የዚያኑ ዕለት መስመሩ እንደ ውኃ ወረደ።

ቅዳሜ ደረሰ። ማዳመጫዬን አድርጌ ገባሁ፤ የአራቱም ልጆች ድምፅ ምንም ሳይጎድል መጣልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ሙዙ ዛሬ ቀጥ ብሎ መጥቷል» አለ ነብሮ። ሙዙ እኔ ነኝ፤ ከአርባ ምንጭ ስለሆንኩ። ይሁን ብዬ አለፍኩት። ጨዋታው ቀጠለ፣ ንግግራቸውም ቀጠለ። አንዱ በተኮሰ ቁጥር የተቀናቃኙን እናት ይጠራል። ሌላው ስለ አንዲት አብራው ስለምትማር ልጅ የሚያወራው ነገር ጆሮ አይችለውም። ወራት ሙሉ በመልካም ስሞላው የነበረው ክፍተት ውስጥ የነበረው ይሄ ነው። እጄ ግን ይሠራል፤ በደንብ ይሠራል፤ እያሸነፍን ነበር።

በመካከሉ እናቴ ቦዬ የምንለውን ሥራሥር ቀቅላ በዳጣ ይዛልኝ ገባች። ትኩሱ ቦዬና የዳጣው በርበሬ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ስክሪኑን አየች፣ ማዳመጫውን አየች፤ «ጓደኞችህ ናቸው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ አፌ ወደተጠጋችው ማይክ ጎንበስ አለች።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? እናታችሁ ደህና ነው? ቤት ደህና ነው? እግዚአብሔር ይባርካችሁ። አንድ ቀን ኑ፣ ቦዬ ትበላላችሁ።»

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። አንደኛው ያለችውን ቃል በቃል፣ ድምፁን አቅጥኖ ደገመው። ሌላው ስለ እሷና ስለ ቦዬው የማልጽፈውን ጨመረበት። ነብሮ በሳቅ እየተንፈራፈረ «መልሳት፣ ሴትዮዋን መልሳት» ይላል። አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልተቆራረጠችም።

እሷ አትሰማም፤ ድምፁ ያለው በእኔ ጆሮ ብቻ ነው። ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«ሰላም ብለውሻል፣ እማ።»

ደስ አላት። ሳህኑን አጠገቤ አስቀምጣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ጨዋታውን አሸነፍን። «ሙዙ፣ ገብተሃል። አንድ ላግ፣ አንድ መቆራረጥ የለም» አለ ነብሮ።

«ቅድም ያናገረቻችሁ እናቴ ናት» አልኩት።

«ታዲያ? ቀልድ ነው ባክህ። ለምደው።»

«አልለምደውም» አልኩና ሶኬቱን ነቀልኩ። ያንን ክምር ሳነሳ ያልመጣብኝ ዓይነት ማቅለሽለሽ መጣብኝ። ዓሣው ቢያንስ የሞተ ነገር ነው፤ ሰው መስሎ አላታለለኝም። ታጥቤም ለቆኛል። ይሄ የሚታጠብበት ቦታ አጣሁለት።

ቦዬውን ቀዝቅዞም ቢሆን ሙልጭ አድርጌ በላሁት። ማታ እናቴ «ሥራውን ሰጡህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰጡኝ፣ እምቢ አልኳቸው። ጠባያቸው አላማረኝም።»

«እንዴት? ሰላም ያሉኝ ልጆች ናቸው እኮ» አለች። እንደሳቁባት እስከ ዛሬም አልነገርኳት፤ ወደፊትም እንዳልነግራት ወስኛለሁ።

እናቴ ዛሬ አርጅታለች፣ ያው ሲቀላ ናት። መጻፍ ስለማትችል በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ሰላምታዋ እንደ ድሮው ረጅም ነው፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሁሉ በዚያው ገበያ በለቀመችው አማርኛ ትጠይቀኛለች፤ ባለቤቴ ጋሞኛ ስለማትሰማ እሷም እንድትሰማው ብላ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው። ከዚህ በላይ የምወደው ድምፅ የለኝም። ግን ቢሮም ሆነ መንገድ ላይ መልእክቷን ከመክፈቴ በፊት ቀና እልና ማን አጠገቤ እንዳለ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልተወው ሞክሬ አልተሳካልኝም። እነዚያን ልጆች ዛሬም የምጠየፋቸው በሳቃቸው ብቻ አይደለም። የገዛ እናቴን ድምፅ ለመስማት ግራና ቀኝ እንዳይ ያደረጉኝ እነሱ ናቸው።