ጣሪያው ሳይነካ የተመረጠ አንቴና

አንቴናውን የመረጥነው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ይህን ያስቀደምኩት የኋላው ጉድ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ስለሆነ ነው። መኪናዋ ከመስኮቱ ስር ቆማ ነበር። ደረጃው አስራ አራት እርከን ቢሆን ነው። ወርዶ ጣሪያዋን በጣት ማንኳኳት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኛ ግን ኮሚቴ ነበርን፤ ኮሚቴ ደግሞ ይወስናል እንጂ አያንኳኳም።

የአምቡላንስ ጣቢያችን ሦስት አሮጌ መኪኖች ነበሩት፤ የሦስቱም ጣሪያ ተበስቶ የሬዲዮ አንቴና ተተክሎባቸዋል። አራተኛዋ በውሰት መጣች። አብሯት የመጣው ደብዳቤ "ጣሪያዋ አይበሳ፣ ቀለሟ አይላጥ፣ ዓመት አገልግላ እንደ መጣች ትመለስ" ይላል። እንግዲህ ሲፈለግ የሚቆም፣ ሲበቃ የሚነቀል አንቴና ሊፈለግላት ነው። ሦስት ዓይነት ናሙና ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ፦ አንዱ ግርጌው ማግኔት የሆነ፣ አንዱ የኮፈኑን ጠርዝ ነክሶ በብሎን የሚጠብቅ፣ አንዱ ደግሞ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ።

ናሙናዎቹን ያመጣው የሬዲዮ ሠራተኛችን ነው። ሾፌሮቹ "ኢንጂነር" ይሉታል። ለፌዝ ያወጡለትን ስም እሱ እንደ ሹመት ተቀብሎት፣ "አቤት" የሚለው በዚያ ስም ሲጠራ ብቻ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ሬዲዮ ጠግኗል። እጁ ወርቅ ነው፤ አንድም ቀን አልካድነውም። ምላሱ ነው ያስቸገረው። ጥያቄ የጠየቀው ሰው መልስ ሳይሆን ትምህርት ተቀብሎ ይመለሳል። ለአዲስ ሾፌሮች ሁሉ የሚያስተምራት አንዲት ትምህርት ነበረችው፦ "የምታዩት ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ነው። ግማሹ ከስሩ ያለው ብረት ነው። ብረት ከሌለ አንቴና የለም፤ ያለው ሽቦ ነው።" ይህችን አስታውሱልኝ። እሱ ረስቷት ነበር።

"ቤዝ" በምንለው መገናኛ ክፍል ተቀምጦ ለመኪኖቹ የሚመልሰውም እሱ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ አስራ ሁለት አንቀጽ ያለው "የሬዲዮ ሥነ ሥርዓት" ለጥፏል። አንቀጽ ሰባት "በአየር ላይ ጋሼ፣ እትዬ፣ የኔ ልጅ እና የመሳሰለውን ማለት ክልክል ነው" ይላል። ይህን አንቀጽ የምትጥሰው አንዲት ሾፌር ብቻ ነበረች። የውሰቷን መኪና የምትነዳው እሷ ስለሆነች ሁላችንም "አራት ቁጥር" እንላታለን።

"ቤዝ፣ አራት ነኝ። ጋሼ፣ ይሰማሃል?"

"አራት፣ እዚህ ጋሼ የለም። ቤዝ ነው ያለው።"

"እሺ ጋሼ።"

ኢንጂነር ሰው ፊት ይቆጣት ነበር። ብቻውን ሲሆን ግን ፈገግ ሲል በመስኮት አይቼዋለሁ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ኃላፊያችን ነካሹን አንቴና በሁለት ጣት አንስተው አዩትና "ይኼ የልብስ መቆንጠጫ ነው እንዴ?" አሉ። ኃላፊ ሲቀልድ መሳቅ የሥራ ዝርዝራችን ላይ ባይጻፍም ሳቅን። መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ደካማ ነው ተብሎ በአንድ ቃል ወደቀ። ቀረ ባለ ማግኔቱ፦ ረጅም፣ ጥቁር፣ ግርማ ያለው። ኢንጂነር ብድግ ብሎ ጥግ ወዳለው የብረት ፋይል ካቢኔት ሄደና አናቱ ላይ አስቀመጠው። ቷ! አለ። ቢስበው አይነቀልም፤ ካቢኔቱ አብሮ ተንቀጠቀጠ። አጨበጨብን።

የግምጃ ቤቷ እትዬ ብቻ አላጨበጨቡም። "የመኪናዋን ጣሪያ አይታችሁታል ግን?" አሉ።

"እትዬ፣" አለ ኢንጂነር፣ ለሕፃን በሚነገርበት ድምፅ፣ "መኪና ከምን ይሠራል?"

"እኔ ምን አውቄ። ቆርቆሮ የሚመስል ስንት ነገር አለ ብዬ ነው።"

"መኪና ከብረት ይሠራል።"

ሳቅ ሆነ። እትዬም ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። "በቂ ሙያዊ ማብራሪያ ተሰጥቶበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ ጻፍኩ። እጄንም አውጥቻለሁ፤ ያውም ሁለተኛ ሆኜ።

በማግስቱ ጠዋት ኢንጂነር መሰላል አስደግፎ ጣሪያው ላይ ወጣ። አንቴናውን አስቀመጠ። አንቴናው ዝም ብሎ ተንሸራቶ፣ በጎን ወርዶ፣ በገመዱ ተንጠለጠለ። ደግሞ አስቀመጠው፤ ደግሞ ወረደ። የመኪናዋ ከፍ ያለ ጣሪያ ከፊት እስከ ኋላ ፋይበር ግላስ ነው፤ የውሃ ታንከር የሚሠራበት ዓይነት። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ቢኖርና ስቆበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው በሳቅ ያልቅ ነበር። ሰው አለመኖሩ ነው የጎዳው።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ወደ ኮሚቴው ተመልሶ "ተሳስቻለሁ" አላለም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ የኛው ደግሞ በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር አምጥቶ የማግኔቱን ግርጌ ጣሪያው ላይ ለጠፈው። ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ቆመ። ከግቢው ሆኖ ሬዲዮውን ሞከረው፤ እንደ ደወል ጠራ። ቤዙ ሃያ ሜትር ላይ ነው፤ ከሃያ ሜትር እንኳን አንቴና ማንኪያም ቢሰኩበት ይሰማል። ይህንን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ሆዱ እያወቀ መሰላሉን አጥፎ ሄደ።

ለአምስት ሳምንት የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ መኪናዋ የምትሠራው ከተማው ውስጥ ነበርና። በስድስተኛው ከኮረብታው ጀርባ ካለው የድንጋይ ካባ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ጉድጓድ፣ የተላከ ሰው ደርሶ ጠራን፤ ድንጋይ የአንድ ሠራተኛ እግር ላይ ወድቋል። አራት ቁጥር ሄደች። አብሯት የሚሄደው ነርስ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበር። ሰውየውን ጫነች። ስትመለስ አንድ ድንጋይ የጫነ መኪና ጠባቡ መውጫ ላይ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶታል። ስልክ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይሠራም። ሌላ አምቡላንስ በወዲያኛው በር እንዲመጣላት ሬዲዮውን አነሳች።

እኛ የሰማነው የለም። ኢንጂነር ከቤዝ አስራ አንድ ጊዜ ጠራት፤ መልስ የለም። ከሄደች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ጥቂት ሲቀረው፣ የካባው ሠራተኞች የተሰበረውን መኪና ጭነቱን አራግፈው በትከሻ ገፍተውላት ደረሰች። ሰውየው ተረፈ፤ እግሩም ተረፈ።

ኃላፊው ግን ፍርዱን በልባቸው ጽፈው ጠበቋት።

"ሬዲዮ ዘግተሽ የት ነበርሽ?"

"አልዘጋሁም።"

"እህትሽ የምትኖረው በዚያ መንገድ አይደለም?"

"ነው። በሽተኛ ጭኜ እህቴ ጋ ሻይ ልጠጣ ነው?"

"ምላስሽን ሰብስቢ! ኢንጂነር፣ ሬዲዮው ይሠራል አይሠራም?"

ኢንጂነር እግሩን አየ። "ሲፈተሽ ይሠራል" አለ።

ውሸት አልተናገረም። ከዚህ የባሰውን ነው ያደረገው፤ ለውሸት የሚያገለግል እውነት ተናገረ። አራት ቁጥር ዞር ብላ አየችው። እንዲያግዛት የምትጠብቅ ዓይን ነበር። ምናልባት አረፍተ ነገሩን ይጨርሰዋል ብላ ነው። አልጨረሰውም። ቁልፉን አስረከበች፤ ጉዳይዋ በኮሚቴ እስኪታይ ከሥራ ታገደች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ኮሚቴው የሚሰናበት ሰው ሲያገኝ መቀመጫው እንዴት እንደሚመቸው!

ከዚያ በኋላ ኢንጂነር ምሳውን በቤቱ መብላት ተሳነው። ሚስቱ ቀልደኛ ሴት ናት፤ የዚያን ሰሞን ነገር ኋላ ለኛ የነገረችን እሷ ነች።

"ያቺ ጋሼ ጋሼ ትለኛለች የምትላት ልጅ ወሬዋ ጠፋሳ?" አለችው አንድ ቀን።

"በሥራ ጉዳይ ነው።"

"ምን አጠፋች?"

"ሬዲዮ አልመለሰችም ተብሎ።"

"ታዲያ አንተ ለሬዲዮ አይደለህ እንዴ? ሬዲዮው ቀና ካልክ እሷ ጠማማ ናት ማለት ነው።"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እሷ እንደ ቀልድ ነበር ያለችው።

በአስራ ስድስተኛው ቀን የሐኪም ቤቱ ድንገተኛ ክፍል ሬዲዮ ተበላሸና ሊጠግን ሄደ። ጠግኖ ሲወጣ፣ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ወደ ላይ የተሰቀለ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከአልጋው ሆኖ ጠራው።

"ወንድሜ፣ የአምቡላንስ ሰው ነህ? ልብስህ እንደዚያ ይላል።"

"ነኝ።"

"እናንተ ዘንድ ጋሼ የሚባል ሰውዬ አለ?"

ኢንጂነር የመሣሪያ ሳጥኑን አልጋው ስር አስቀመጠ።

"ሞቷል እንዴ? እኔ እኮ እግሬን ትቼ ለሱ ነበር የምጨነቀው። ልጅቷ ያን ሬዲዮ ይዛ 'ጋሼ፣ ይሰማሃል? ጋሼ፣ እባክህ፣ ጋሼ!' ትላለች። ምነው በደህናው ቀን ባነጋገረችው! አርባ ጊዜ ሳትጠራው አልቀረችም። ድንጋይ እንኳን፣ እኔ ስንት ዘመን ፈልጬዋለሁ፣ ይህን ያህል ከለመኑት አቤት ይላል።"

"ማርሹ... ሩቅ ሆኖ ነው" አለ ኢንጂነር። ሬዲዮ ምን ማርሽ አለው? እሱ ራሱ ምን እንዳለ አላወቀም። ሳጥኑን እዚያው ረስቶ ወጣ።

ኮሚቴው በአስራ ስምንተኛው ቀን ተሰበሰበ። ያው ክፍል፣ ያው ካቢኔት፣ ያው እኛ። አራት ቁጥር በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ወንበር የሰጣት የለም። ኃላፊው የስንብቱን ሐሳብ አንብበው "አስተያየት ካለ" አሉ፤ የሌለበትን አስተያየት መጠየቅ ደንብ ነውና።

ኢንጂነር ተነሳ። ከኮቱ ስር አንቴናውን አወጣ። ግርጌው ላይ የተቀደደ ፕላስተር ተንዘላዝሏል፤ የጣሪያው ነጭ ቀለም ቁራጭም ከነአቧራው አብሮ ተነስቷል። ካቢኔቱ አናት ላይ አስቀመጠው። የፕላስተሩ ትራፊ ስላለበት እንደ ድሮው ቷ አላለም፤ ግን ያዘ።

"እዚህ ይይዛል" አለ። "መኪናዋ ላይ አይይዝም። ጣሪያዋ ብረት አይደለም። በፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከተማ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ከኮረብታው ጀርባ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ልጅቷ ጠርታለች። ያልተሰማችው በኔ ነው።"

የግምጃ ቤቷ እትዬ ቀስ ብለው "መኪና ከምን ይሠራል?" አሉ። አሁን ግን የሳቀ የለም። ኢንጂነር "ልክ ነዎት እትዬ" አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቲማቲም መስሎ።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ እኔ ዞሩ። "'በአየር ጠባይ ምክንያት የቴክኒክ እክል አጋጥሞ ነበር' ብለህ ያዝ። የኮሚቴውን ክብር ማዋረድ አያስፈልግም።"

ብዕሬ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ "በአየር" የሚለውን ጽፌያለሁ።

"ሰርዘው" አለኝ ኢንጂነር። "ስሜን ጻፍ። የመዝገብ ስሜን፤ ኢንጂነር ብለህ እንዳትጽፍ።"

ሰረዝኩና ጻፍኩ። ከስሙ ስርም "ኮሚቴው ጣሪያውን ሳያይ ወስኗል" ብዬ ጨመርኩ። ኃላፊው ሲፈርሙ አላነበቡትም፤ አንብበው የፈረሙት ነገር ኖሮም አያውቅ። እሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኛ የተቀረነው ምንም አልደረሰብንም፤ ኮሚቴ ስንባል እጅ እንጂ አንገት የለንም።

ደረጃው ላይ ኢንጂነር ደረሰባት። የመኪናዋን ቁልፍ ልመልስላት እኔም ከኋላ ነበርኩ።

"ልጄ፣ እኔ..." አለ።

"አስራ ስምንት ቀን" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "እናቴ በየማታው 'ሬዲዮውን እውነት አልዘጋሽም?' እያለች ስትጠይቀኝ አስራ ስምንት ቀን።"

ቁልፏን ከእጄ ተቀብላ ወረደች።

በማግስቱ ኢንጂነር ያን "የልብስ መቆንጠጫ" ከግምጃ ቤት አወጣ። የዚህች መኪና ብረት ያለው ከፊት ነው። በኪሱ ይዞት የመጣውን ትንሽ ማግኔት አስቀድሞ ኮፈኑ ላይ አስጠጋ፤ ያዘለት። ነካሹን ጠርዙ ላይ ገጥሞ፣ የደብዳቤው ቃል እንዳይጣስ ቀለሙን በስስ ጎማ ሸፍኖ፣ ብሎኑን አጠበቀ። አጭርና አስቀያሚ ነው፤ ግርማ የሚባል አልፈጠረበትም። አራት ቁጥር አጠገቡ ቆማ አየች፤ አላገዘችም። ከዚያ ልትሞክረው ወደ ድንጋይ ካባው ነዳች።

መገናኛ ክፍሉ ውስጥ እሱና እኔ ነበርን። ከሰዓቱ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ካባው ስትደርስ ይሆናል ባልነው ሰዓት ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና ድምጿ አጠገባችን እንዳለች ሆኖ ወጣ።

"ቤዝ፣ አራት ነኝ። ካባው ውስጥ ነው ያለሁት። ይሰማል?"

ቁልፉን ተጭኖ "አራት፣ በደንብ ይሰማል" አለ። ለቀቀው። ትንሽ ጠበቀ፤ አንገቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አስግጎ።

"ተቀብያለሁ። ጨርሻለሁ" አለች፤ ሬዲዮውም ዝም አለ።

እሱ እንደ አሰገገ ቀረ።

"ምነው፣ ጥራቱ አልጥምህ አለ?" አልኩት።

"አይ፣ እንደ ደወል ነው የጠራው" አለ። በሩ ላይ ወደ ተለጠፈው የሬዲዮ ሥነ ሥርዓት በአገጩ አመለከተኝ። "አንቀጽ ሰባትን አክብራለች።"