በተዘጋ መስታወት ሰላም ያልኩት ሰው

አበልጄን መንገድ ላይ ያየሁት ወደ እንፍራንዝ ስነዳ ነው። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ፣ ከወንድም የማልለየው ሰው ነው። ከዛሪማ ዘመድ ጠይቄ በተመለስኩ ማግስት ስለነበር በአገሩ የሆነውን አልሰማሁም። ከአራት አምስት ሰዎች ጋር ጥጉን ይዞ ይመጣል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ይህን ዓይኔ አይቶታል፤ ልብ ግን አላልኩትም።

እጁን አነሳልኝ። መስታወቱን ላወርድ ቁልፉን ብጫን እምቢ አለ። ደግሜ ተጫንኩት። አሮጊት ማኪና ናት፤ መስታወቷ በኤሌትሪክ የሚወርድ ነው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይለግማል። ከኋላዬ የጭነት ማኪና ተጠግቶ ያጣድፈኛል። ታዲያ ምን አደረግሁ? ክላክስ ሁለት ጊዜ ነፋሁለት፣ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ብዬ እጄን አወዛወዝኩለትና አለፍኩ። ስመለስ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። በስፖኪዮው ሳየው ወደ ቦዩ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ነገረችኝ። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሞታ፣ እኔ ያገኘሁት ከቀብሯ ሲመለስ ኖሯል። በማግስቱ ደግሞ ከለቅሶው ቤት የመጣ ጎረቤት ሌላ ጨመረልኝ።

«አበልጅህ ምን አለ መሰለህ? ‹ማኪና ገዛና እንደ አህያ ከመንገድ ዞር በል ብሎ ነፋብኝ፤ እየሳቀብኝ አለፈ› አለ።»

ያን ጊዜውኑ መሄድ ነበረብኝ። አፈርኩ። ያ ሁሉ ሰው ነገሩን ሰምቶ በተቀመጠበት በየት በኩል እገባለሁ? መጀመሪያ የመስታወቱን በሽታ ላግኝ፣ ከዚያ ማስረጃ ይዤ እሄዳለሁ አልኩ።

«ምነው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በመስኮት ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ።

ማኪናዋን ቁስቋም አጠገብ ወዳለ የማኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ወሰድኳት። ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ፊውዙን አውጥቶ አየው፤ ደህና ነው። ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ «እስቲ ይጫኑት አያ» አለኝ። ብጫነው ምንም ድምፅ የለም። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ የውስጡን ልባስ ፈታና ራሱ ቁልፉን ሲነካው መስታወቱ ሸጋ አድርጎ ወረደ።

«ይኸው! የደከመው ጣትዎ ነው እንጂ ማኪናዋ ምን አለባት!»

ሳቅን። በሩን ዘግቼ ብነካው ድርቅ አለ።

«እንግዲህ ይኸም ጣቴ ነው?» አልኩት።

ቁልፉን ለወጠው፤ ያው ነው። ሞተሩ ነው አለና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅን። እኔም ከጋራዡ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። የለቅሶው ሦስት ቀን አለፈ፤ የሟቿ አርባም አለፈ። አዲሱም ሞተር ገብቶ መስታወቱ እምቢ ሲል ነው ሰውዬው ወደ በሩ ማጠፊያ ጎንበስ ያለው። በማኪናዋና በበሩ መካከል፣ ጎማ ቱቦ ውስጥ፣ አንዲት ሽቦ ተበጥሳለች። በሩ ሲከፈት ጫፎቿ ይነካካሉ፤ ሲዘጋ ይለያያሉ።

«በሩ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የበጠሳት» አለኝ። «ከመጀመሪያው ይኸን ማየት ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ አያ።»

የተቆረጠችውን ቁራጭ ለምኜ ኪሴ ከተትኩና የዚያኑ ዕለት ወደ አበልጄ ነዳሁ።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ይጎነጉናል። ተነሥቶ ሳመኝ። ገና አረፍ እንዳልኩ ሽቦዋን አወጣሁና ፊውዙን፣ ቁልፉን፣ ሞተሩን፣ የጎማውን ቱቦ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ቁራጯን በጣቱ አገላብጦ አያት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። ሐሰት እንዳልሆነ ታያለህ።»

«አያለሁ። መስታወቱ እምቢ አለህ። በሩሳ? በሩ ይከፈት ነበር?»

ይከፈት ነበር። በእጅ የሚከፈት በር ነው፤ እግሬም ደህና ነበር። አባቶቻችን ሰው ሲያገኙ ከበቅሎ ወርደው ነው ሰላም የሚሉት፤ ይህን እኔም እሱም እያየን አድገናል። ዳር ይዤ ብወርድ ያ የጭነት ማኪና በጎኔ ያልፍ ነበር።

ሽቦዋን መለሰልኝ።

«ሦስቱንም ቀን ሰው በገባ ቁጥር ቀና እል ነበር» አለኝ። «በአርባዋም እንዲሁ። ምንም ባትናገር እንኳ፣ ዝም ብለህ መጥተህ ብትቀመጥ ይበቃኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ከገባሁ ጀምሮ ስለ ሟቿ አንዲት ቃል አለመተንፈሴ ትዝ ያለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት።

«አጽንቶኛል» አለኝ፤ ወደ ሽንኩርቱም ጎንበስ አለ።